ወራጅ አለች

በዚህ ከተማ ጤነኛ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የክረምት ዝናብ፣ የተቆፈረ መንገድ እና የሰው ርኅራኄ። ዝናቡ መስከረም ሲጠባ ያባራል። መንገዱም የፈጀውን ይፍጅ እንጂ አንድ ቀን ይደፈናል። ርኅራኄ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። በ«እኔን!» ባዮች እጅ የወደቀ ሰው እግር እያለው እንደታዘለ ያረጃል።

«እኔን!» ባዮችን የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም። እንቅፋት ሲመታችሁ ከእናንተ ቀድመው «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብለው የሚጮኹት እነሱ ናቸው። ቃሉ መልካም ነው፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ እኛም እንለዋለን። እነዚህኞቹ ግን እንቅፋቱ እስኪመጣ አይጠብቁም። ገና ጫማችሁን ስታነሱ «እኔን!» ብለው ይጀምራሉ፤ ቀጥለው ጫማውን ከእጃችሁ ይቀበሏችኋል፤ ቀጥለው መንገዱን። በመጨረሻ እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በእናንተ ፈንታ ይሄዳሉ፣ በእናንተ ፈንታ ይናገራሉ፣ ቢፈቀድላቸው በእናንተ ፈንታ ያስነጥሳሉ። አገሩ «አዛኝ ቅቤ አንጓች» የሚላቸው ሌሎች ናቸው። እነዚያ ለይምሰል ስለሚያዝኑ አንድ ቀን ይነቃባቸዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። መድኃኒት የሌለው የምር የሚያዝን ሰው ነው።

መምህር ተስፋሁን ይህን በሽታ ሰባት ዓመት አጥንቶታል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ውስጥ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን ያስተምራል። ተማሪዎቹ አእምሯቸው ነገር የሚይዘው ቀስ ብሎ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን እንደ ማንኛችንም ሳይጠብቃቸው ሮጧል። ጢም ያበቀሉ ወንዶችና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የፊደሉ ነገር ቀርቶ የሚማሩት ለነገ የሚሆናቸውን ነው፤ ሻይ ማፍላት፣ በር መቆለፍ፣ ስልክ ማንሳት፣ «አልፈልግም» ማለት፣ ታክሲ ተሳፍሮ መውረድ። ወረቀት ላይ «የሕይወት ክህሎት» ይባላል፤ ተስፋሁን «ራስን መቻል» ይለዋል። በሰባት ዓመት የደረሰበት ግኝት አንድ ነው። ተማሪ ይማራል፤ ዘመድ ግን ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው። ከዘመዶችም ሁሉ የበላይ፣ የ«እኔን!» ባዮች ሊቀ መንበር፣ ክብርት ወይዘሮ ቆንጅት ነበሩ።

ወይዘሮ ቆንጅት ፒያሳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እህታቸው ስትሞት የሁለት ዓመት ልጇን ምኞትን ተረከቡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወረዷትም። አላወረዷትም ስንል በቃሉ ሙሉ ትርጉም ነው። ምኞት እግሯ ጤነኛ፣ ዓይኗ ጤነኛ፣ ቁመቷም ከአክስቷ በአንድ ክንድ የሚበልጥ ወጣት ናት።

በምዝገባው ቀን ተስፋሁን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችውን ወጣት እያየ «ስምሽ ማን ነው?» አላት።

«ምኞት ትባላለች» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት።

«ዕድሜሽስ?»

«በጥቅምት ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላታል፣ እኔ ልሙትላት።»

«ምን መሥራት ትወጃለሽ?»

«መቀመጥ ትወዳለች።»

«አልወድም» አለች ምኞት።

«ትወዳለች፤ አፍራ ነው» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት፣ የአስተርጓሚ ፈገግታ እያሳዩ። ተስፋሁን ቅጹ ላይ «የተማሪው ስም» የሚለው ቦታ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ ትንሽ አመነታ።

ወር ሳይሞላ የጫማ ክር የማሰር ትምህርት መጣ። የምኞት ጫማ ክር አልነበረውም። ኖሮት አያውቅም። «ክር ምን ሊያደርግላት?» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት። «ክር ይፈታል፤ የተፈታ ክር ይጠልፋል፤ የጠለፈ ክር ይጥላል። እኔን ይድፋኝ!» ተስፋሁን ለመናቸው። ትምህርቱ ስለ ክር ስለሆነ ያለ ክር እንደማይሆን አስረዳቸው። በማግስቱ ምኞት አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ ተጫምታ መጣች፤ ክሩም እንደ ቢራቢሮ አምሮ ታስሯል። ተስፋሁን ተንበርክኮ «በይ መጀመሪያ እንፍታው» አለና አንዱን ጫፍ ሳበ። አልፈታ አለ። ሌላውን ሳበ። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ቋጠሮው በነጭ ክር፣ በድርብ፣ ዙሪያውን በመርፌ ተሰፍቷል።

ወይዘሮ ቆንጅት በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ሠላሳ ዓመት ስሰፋ የኔ ስፌት ተፈቶ አያውቅም» አሉ በኩራት። ሌላው ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሳቸው ግን ምስጋና ይጠብቁ ነበር።

የሻይውም ጉዳይ አለ። ተስፋሁን ተማሪዎቹ ቤታቸው ሻይ እያፈሉ እንዲለማመዱ አዘዘ፤ ዘመድም በደብተር ጽፎ እንዲፈርም። የምኞት ደብተር ከሁሉም ያምር ነበር። «ምኞት ዛሬ ሻይ አፍልታለች። ቆንጆ ሻይ ነው። አክስቷ ቆንጅት» ይላል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ከዚያ የፈተናው ቀን ደረሰ። ውሃው፣ ስኳሩ፣ ሻይ ቅጠሉ ቀረበ። ምኞት ምድጃው ፊት እጇን አጣምራ ቆመች። ቆመች። ሌሎቹ አፍልተው ጠጥተው ጨረሱ።

«ምኞት፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» አላት።

«አክስቴን።»

«አክስትሽ ምን ታደርጋለች?»

«ታፈላለች።»

«አንቺስ?»

«‹ጎበዝ!› እባላለሁ።»

ተስፋሁን በዚያ ቀን የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «አሥር ይቁጠሩ» ብሎ ጻፈ። ልጃችሁ ቁልፉ ሲጠፋው፣ ቃሉ አልወጣ ሲለው፣ ወዲያው አትግቡ፤ በሆዳችሁ ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሰባት ሳትደርሱ ልጁ ራሱ ይወጣዋል አላቸው። ጥሩ ምክር ነበር። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ቆንጅት እንዲያውም በወረቀት ጻፉት። ስብሰባው አልቆ ምኞት የሹራቧን ቁልፎች መቆለፍ ስትጀምር አጠገቧ ቆመው «አንድ፣ ሁለት፣ አሥር» አሉና ቆለፉላት።

ይህ በሽታ በምኞት ብቻ የሚያቆም ቢሆን ደግሞ አንድ ነገር ነው። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ምብራት የልጅ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው የተራመደው። ሐኪም ዘንድ ወስደውት ነበር፤ ሐኪሙም ልጁ ምንም እንደሌለበት፣ ይልቅ መሬት አይቶ የሚያውቅ መሆኑን እንዲያጣሩ ነገራቸው። አላየም። ቀን ቀን የሚውለው ወይዘሮ ቆንጅት ጀርባ ላይ ነበር። ሌላው ሕፃን በአንድ ዓመቱ «ወፌ ቆመች!» እየተባለ ሲጨበጨብለት፣ የእሱ ወፌ ታዝላ ቀረች። ወይዘሮ ምብራት ይህን የሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ጎረቤት ናቸውና።

ከትምህርቱ ሁሉ የከበደው ታክሲ ነው። ተስፋሁን ወንበሮቹን በአራት ረድፍ አሰልፎ ክፍሉን ታክሲ አደረገው። ናታን የተባለ ተማሪ ረዳት ሆኖ ተሾመ፤ ሹመቱንም በቁም ነገር ያዘው። «ጠጋ በሉ! ጠጋ! አንድ ሰው፣ የሞላ!» ሲል የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ይሰማ ነበር። ተራ በተራ እየተሳፈሩ፣ መውረጃቸው ሲደርስ እንደ አገሩ ደንብ «ወራጅ አለ!» ይላሉ። የምኞት ተራ ደረሰ።

«ወራጅ አለች» አለች ምኞት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተስፋሁን ቀስ ብሎ «ምኞት፣ የሚባለው ‹ወራጅ አለ› ነው» አላት።

«እሱ የወንድ ነው።»

«አይደለም፣ ለሁሉም ነው። ወንድም ሴትም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ ሴት ነኝ» አለች ምኞት።

ተስፋሁን መልስ ፈለገ። አባባል ነው አላት፤ ልማድ ነው አላት፤ አሮጊቶች እንኳ እንደዚያ ነው የሚሉት አላት። ምኞት ሁሉንም በትዕግሥት ሰማችና «እኔ ሴት ነኝ» አለች እንደገና፤ ችግሩ የመስማት መስሏት ይሆናል። ስንት ዓመት ታክሲ ስንሳፈር ማናችንም ያልጠየቅነውን ነገር ጠይቃ መምህሩን ዝም አሰኘችው። ይሁን ብሎ ተወው።

መተው አልነበረበትም። ሁለተኛ ጣጣ ተከትሎ መጣ። «አለች» ሲጠብቅ መኖሯን፣ ሲላላ ደግሞ መናገሯን ነው የሚገልጸው። የምኞት ምላስ ሰነፍ ነው፤ «ለ»ን ማጥበቅ አይሆንላትም። ስለዚህ በሷ አፍ «ወራጅ አለች» ወሬ ማቀበል ይሆናል፤ የሆነች ሴት «ወራጅ» ብላለች እንደማለት። የመጀመሪያው እውነተኛ ልምምድ ላይ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሲደርሱ፣ ምኞት በቦታውና በሰዓቱ «ወራጅ አለች» አለች። ረዳቱ ዞሮ «ማን ናት ያለችው?» አለ። ፊት የተቀመጠችው ሴት «ኧረ እኔ አላልኩም» አለች። አንዱ ጎረምሳ «እኔም አልሰማኋትም» አለ። ታክሲው ያችን ሴት ሲፈልግ ድልድዩን አልፎ ፒያሳ ገባ።

ወይም ሊገባ ሲል። «ለማየት ብቻ» ብለው ከኋላ የተሳፈሩት ወይዘሮ ቆንጅት «ወራጅ አለ! አቁም! ልጄን! እኔን ይድፋኝ፣ አቁም!» ብለው ስለጮኹ ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ የአንድ ሰውዬ ሽንኩርት ከፌስታሉ ወጥቶ ወለሉን ሞላው። «እማማ፣ ታክሲው ረዳት አለው እኮ» አላቸው ረዳቱ ሽንኩርት እየለቀመ። ተስፋሁን የሰባት ዓመት ንግግሩን በአንድ አረፍተ ነገር ያሳጠረለትን ይህን ወጣት ሊያቅፈው ምንም አልቀረው። ወይዘሮ ቆንጅት ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ልምምዶች ሁሉ ሳይጠሩ ተገኙ፤ በሁሉም ቀድመው ጮኹ። ምኞትም መጮኽ ተወች። ምን አደከማት?

ተስፋሁን ጠላቸው ማለት ይቻላል። ማታ ለሚስቱ «ሰው ርኅሩኅ ሆኖ እንደዚህ ጨካኝ ይሆናል?» ይላት ነበር። ሚስቱም «ተው፣ ይሰሙሃል» ትለዋለች፤ ወይዘሮ ቆንጅት ግድግዳ ጀርባ ቆመው ራት ሊያጎርሱት የሚጠብቁ ይመስል።

እንዲህ እንዳለ ሥራው መጣ። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ኬክ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ራኬብ የሚባሉ ሴት የኬክ ካርቶን የሚያጣጥፍ ሰው ይፈልጉ ነበር። ምኞት ካርቶን ስታጣጥፍ የሚያይ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር ያስጠላዋል። አትቸኩልም፣ አትሰለችም፣ ጥጉ ከጥግ ሳይገጥም አታልፍም። ወይዘሮ ራኬብ አንድ ሰዓት አይተዋት ወደ ተስፋሁን ዞሩ።

«ልጅቷን ወድጃታለሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ትጀምር። ግን ብቻዋን ትመጣለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች። ባለፈው አንድ ልጅ ቀጥሬ እናቱ ሁለት ወር ባንኮኒው ሥር ተቀመጡ። ሰኞ ሰው ይዟት ከመጣ ይቅርብኝ፤ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ወይዘሮ ቆንጅት ሲነገራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቀጥለው ተቆጡ። «ብትጠፋስ? አንዱ ባለጌ ቢያታልላትስ? ታክሲው ይዟት ለገሃር ቢወርድስ? መምህር፣ አንተ ልጅ አልወለድክ!» አሉ። ተስፋሁን ሁለት ልጆች አሉት። ለማስታወስ አልሞከረም። ይህ ሥራ ካመለጠ ምኞት ሌላ እንደማታገኝ፣ ትምህርቷም በሰኔ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀራት መስኮት ሥር ያለው ወንበር መሆኑን ነገራቸው። «ለወንበሩ ትራስ ሰፍቼላታለሁ» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት። ተስፋሁን በዚህ ጊዜ አፉ ላይ የመጣውን ቃል እዚህ አንጽፈውም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ምኞት።

አክስቷ ዞር ብለው አዩዋት። «ምን አልሽ የኔ እናት?»

«እሄዳለሁ። አንቺ ቅሪ።»

ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳሉ ተስፋሁን ቆጥሯል። አሥርን አልፏል። ከዚያ ወይዘሮ ቆንጅት ነጠላቸውን አስተካክለው «መድኃኔዓለምን! ሰኞ ከደጄ አልወጣም» ብለው ማሉ። ተስፋሁን አመናቸው። ሞኝነት የተማረንም ሰው አይምርም።

ሰኞ ማለዳ ተስፋሁን ራሱ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ እሆናለሁ ብሎ ለሁሉም ተናግሯል፤ የመጣው ግን ለሪፖርት እንጂ ለሌላ አይደለም ሲል ለራሱ ነግሮታል። ኮፍያ አድርጎ፣ በኮቪድ ጊዜ የተረፈ ማስክ አጥልቆ፣ ከምኞት አራት ሰው ኋላ ቆመ። በፒያሳ አድርጎ ቸርችልን የሚወርድ ታክሲ መጣ። ምኞት እንደተማረችው በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንደተማረችውም ፊት ለፊቷን ብቻ አየች። ተስፋሁን ፊቱን አዙሮ አለፋትና የመጨረሻው ወንበር ላይ መስኮቱን ይዞ ተቀመጠ። ቀጥለው ነጠላ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሴት ገብተው አጠገቡ ጉብ አሉ። መርፌ ሲወጋው የኖረ አመልካች ጣት አየ።

«እትዬ ቆንጅት!» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ከደጄ አልወጣም ብለው በመድኃኔዓለም አልማሉም?»

«ከደጄ አልወጣሁም። በምብራት ደጅ ነው የወጣሁት። አንተስ?»

«ለሪፖርት ነው።»

«ውሸታም» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት፣ እና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ።

ታክሲው ራስ መኮንን ድልድይን ተሻገረ፤ ፒያሳ ገብቶ የሚያወርደውን አወረደ፤ የሚጭነውን ጫነ፤ ቸርችልን ቁልቁል ያዘ። ምኞት ሒሳቧን ከፍላለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ከኋላ የሚታየው ማጅራቷ ብቻ ነው።  ተስፋሁን አጠገቡ ያሉት ሴትዮ አሁን አሁን ይጮኻሉ ብሎ ይጠብቃል፤ ከጮኹም በሕይወት ዘመኑ ይቅር እንደማይላቸው ወስኗል።

«ወራጅ አለች» አለች ምኞት።

ቦታው ልክ ነበር። ሰዓቱ ልክ ነበር። «ለ»ዋ ብቻ እንደ ወትሮዋ ላላች።

ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ «ማን ናት ያለችው?» አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «እኔ ፖስታ ቤት ነኝ» አለች አንዷ። ታክሲው እየሄደ ነው። የቴዎድሮስ አደባባይ መድፍ በመስኮቱ በኩል ማለፍ ጀመረ። የረዳቱ ዓይን ሴቶቹን አንድ በአንድ አዳርሶ መጨረሻው ወንበር ላይ ቆመ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ።

መምህር ተስፋሁን፣ «አሥር ይቁጠሩ» የሚለውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈው ሰው፣ ሦስት አልደረሰም። ማስኩን ወደ አገጩ ሲያወርድ ሰውነቱ ሁሉ አፍ ሆኖ ነበር። «ወራ—» አለ።

እጅ አፉን ከደነው። ሠላሳ ዓመት መቀስ የጨበጠ እጅ ነው፤ ጥርሱ እስኪያመው ድረስ አፍኖ ያዘው።

«እኔ አይደለሁም» አሉ ወይዘሮ ቆንጅት ለረዳቱ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«ታዲያ ማን ናት?»

«እኔ እንጃ። እኔ አይደለሁም።»

ምኞት ብድግ አለች። ስትነሳ ጣራው አናቷን መታት፤ ድው ሲል ኋላ ድረስ ተሰማ። ተስፋሁን አፉን የያዘው እጅ ሲኮማተር ተሰማው፤ ከነጠላው ውስጥም የታፈነ ነገር ወጣ፤ ቃል ግን አልሆነም። ምኞት አናቷን አሸት አሸት አደረገችና ረዳቱን ከላይ ወደ ታች አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ወራጅ አለች አልኩህ እኮ። ወራጇ እኔ ነኝ።»

ረዳቱ አንድ አፍታ አያት። ከዚያ የአራዳ ልጅ ነውና ገባው። ጣራውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ለ»ን እስክትሰነጠቅ አጥብቆ «ሹፌር፣ ያዘው! ወራጅ አለች!» አለ። ታክሲው ቆመ። ምኞት ወረደች።

በኋላው መስታወት አዩዋት። መጀመሪያ በተሳሳተው በኩል ሄደች። ሦስት፣ አራት እርምጃ። ቆመች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ዞረች፣ ወደ ኬክ ቤቱ በኩል ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ታክሲው ቁልቁል ሲወርድ የሰዉ ብዛት ዋጣት።

ያ እጅ እስከ ፖስታ ቤት ድረስ ከተስፋሁን አፍ ላይ አልተነሳም። ተረስቶ ነው። እሱም አላነሳውም። ሲንቀው የከረመው እጅ፣ የጫማ ክር የሰፋው፣ ሻይውን ያፈላው፣ የሰው ልጅ ያዘለው እጅ አፉ ላይ ነበር፤ እሱ ያልቻለውን ችሎ። ንቀቱን ፈለገው፤ አጣው። እኚህን ሴትዮ እንደሚወዳቸው በዚያ ታክሲ ውስጥ አወቀ፤ ደስም አላለውም፤ ንቀቱን ለምዶት ነበር።

ፖስታ ቤት ወረዱ። ወይዘሮ ቆንጅት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የእግረኛው መንገድ ላይ ቆሙ። የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ግራ ክንዳቸው ከጎናቸው ራቅ ብሎ እንደታጠፈ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሰው ሲይዙበት ስለኖሩ መዘርጋቱን የረሳ ክንድ ነው። ሰው ግራና ቀኝ ያልፋቸዋል። እሳቸው ክንዳቸውን ያያሉ።

«ምን ላድርገው አሁን?» አሉ። ለተስፋሁን ይሁን ለክንዱ አይታወቅም።

የሚያጽናና ነገር ሊላቸው አፉን ከፈተ። ኮርተናል፣ አድገዋል፣ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ በስብሰባ የሚላቸው ነገሮች ሁሉ መጡለት። ዋጣቸው። ማስኩን ኪሱ ከተተ፤ ቸርችልን ሽቅብና ቁልቁል የሚምዘገዘገውን መኪና አየ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይህን መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሻገር ኖሯል።

«እትዬ ቆንጅት፣ መኪናው በዛብኝ። ያሻግሩኝ» አለ።

አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ክንዳቸውን ወደ እሱ አስጠጉ፤ እጁን አስገባ፤ አጥብቀው ያዙት። «ግራህን እያየህ፣ የኔ ልጅ» አሉት፣ «አትቸኩል።» ለአንዱ መኪና መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሌላውን ተቆጥተው፣ ቀስ እያደረጉ አሻገሩት። ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረውም።